ምርጡን ዘር ማን መረጠው?

በአማርኛ «ምርጥ ዘር» የሚባል ሐረግ አለ። ከግብርና ባለሙያው አፍ፣ ከሬዲዮ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ አይጠፋም። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በምርምር ጣቢያ የተዳቀለ፣ በየአካባቢው የተሞከረ፣ በባለሙያዎች ታይቶ የጸደቀ ዘር ማለት ነው። ገበሬው ከአያት ከቅድመ አያቱ የተረከበው ደግሞ «የአገር ዘር» ይባላል። ሐረጉ ሳይናገር የሚናገረው ሌላ ነገርም አለ። አንደኛው ምርጥ ከሆነ ሌላኛው ማንም ሳይመርጠው የቀረ፣ እንዲያው በዘልማድ ሲዘራ የኖረ ነው ማለት ይሆናል።

ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ማሽላ በሚዘራበት አገር ገበሬው ማጭዱን ከማንሳቱ በፊት ማሳው ውስጥ ይገባል። ዛላው የሞላውን፣ አገዳው ያልጎበጠውን፣ ወፍ ያልደፈረውን ዓይቶ ይለያል። የቱ ለእንጀራ፣ የቱ ለጠላ፣ የቱ ለእሸት እንደሚሆን አበጥራ የምታውቀው ሚስቱ ናትና በምርጫው የእሷም ቃል ይሰማል። የተለየው ዛላ ነቀዝ እንዳይገባበት ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ሥፍራ ይሰቀላል። ልጆች ቢራቡም አይነካም። ይህ ሥራ በየማሳው፣ በየዓመቱ፣ ለሺህ ዓመታት ተደጋግሟል። ከዚህ የበለጠ ምርጫ ምን አለ?

የዕፅዋት ሳይንስ ዛሬ ከፊቱ የተደቀኑትን ፈተናዎች፣ የዝናቡን መዛባት፣ የሙቀቱን መጨመር፣ ድንበር የማያግዳቸውን የሰብል በሽታዎች፣ እየበዛ የሚሄደውን ተመጋቢ ለመቋቋም ሲነሣ እጁን የሚሰደው ወደዚሁ የምርጫ ክምችት ነው። ተመራማሪ ያለውን ያዳቅላል፣ ያጣራል፣ ያስተካክላል እንጂ ከባዶ ሜዳ ዘር አይፈጥርም። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ሳይንስ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላልሰፈረው ለእነዚያ መራጮች ዕዳ አለበትን? ካለበትስ በምን ይከፈላል?

በወሎ «ወተት በጉንጬ» የሚሉት ማሽላ ነበር። «ስንዴ ለምኔ» የተባለም አለ። ስም አውጪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምን ለማለት እንደፈለገ ግን ማንም አማርኛ የሚሰማ ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው ነበር። ይፈልጉ የነበረው ላይሲን የተባለውን የፕሮቲን አካል ነው። የሰው ሰውነት ላይሲንን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት፤ ማሽላ ደግሞ በዚህ በኩል ድሃ ነው። ከዚያ ሁሉ ናሙና በላይሲን ሀብታቸው ልቀው የተገኙት ሁለት ዝርያዎች ሲሆኑ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ግኝቱ በሳይንስ መጽሔት ወጣ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን በእሸቱ ወራት ዛላውን በፍም ላይ አዙሮ ጠብሶ ለልጆቹ የሚሰጠው ገበሬ፣ ላይሲን የሚለውን ቃል ሳይሰማ፣ ይህ ማሽላ ከሌላው ይልቅ ወተትን እንደሚመስል አስቀድሞ አውቆ በስም መዝግቦታል። ከዚህም አልፎ ጥቂት ብቻ ይዘራው ነበር። ፍሬው የተጨማደደና ቀላል፣ ምርቱም አነስተኛ ስለሆነ ከሌላው ማሽላ መሐል ጣል ያደርገዋል እንጂ ማሳውን አይሞላበትም። ዝርያውን በሰፊው የሚዘራ ሰብል ለማድረግ ከጣሩ በኋላ ሊቃውንቱም የደረሱት ወደዚያው መደምደሚያ ነው።

ይህን ታሪክ ሰምቶ «ሳይንቲስቱ ከገበሬው የሰረቀው እንጂ ያገኘው ነገር የለም» ማለት ይቀናል። በአደባባይም ብዙ ጊዜ ይባላል። ይሁንና እንዲህ ያለው ፍርድ ግማሽ እውነት ነው። ለዚህ የገብሱ ታሪክ ይመሰክራል። ክሽክሽ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው፣ የገብስን ቅጠል አቢጭቶ ተክሉን የሚያቀጭጭ ቫይረስ አለ። በካሊፎርኒያ የገብስ እርሻ ላይ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከዓለም የገብስ ክምችት ውስጥ ከስድስት ሺህ በላይ ናሙና ፈትሸው በሽታውን የሚቋቋም ፈለጉ። ከተገኙት ተቋቋሚዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ገብሶች ሆኑ። ከእነዚህ የተወሰደው ዘረመል ወደ አሜሪካ ገብስ ተዳቅሎ ገባ፤ ዛሬም በብዙ አገር ማሳ ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከማሽላው ይለያል። የአርሲ ወይም የጎንደር ገበሬ ቫይረሱን አያውቀውም፤ ዓይቶም ስም አላወጣለትም። ገብሱን የጠበቀው ለበሶው፣ ለጠላው፣ ለውርጭ መቋቋሙ ብሎ ነው። ያላወቀውን ነገር ሰጠ ይባላልን? አንዳንድ የሕግ ሰዎች የለም ይላሉ፤ ዕውቀት ከሌለ ባለቤትነት የለም ባዮች ናቸው። ነገር ግን አደራ እንዲህ አይዳኝም። አንድ ሰው የታሸገ ሣጥን ከአባቱ ተቀብሎ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ፣ ከእሳትና ከምስጥ ጠብቆ ለልጁ ቢያስተላልፍና ሣጥኑ ሲከፈት ወርቅ ቢገኝበት፣ «አላወቅህምና ምንም አላደረግህም» ብሎ የሚያሰናብተው ሰው ፍርድ አዋቂ አይባልም። ማወቅ አንድ ሥራ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ሥራ። ሁለተኛው ባይኖር የመጀመሪያው የሚያውቀው ነገር አይኖረውም ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ መጠበቅ ብቻውን አያድንም። ለገበሬው ካላቸው ፍቅር የተነሣ የቀድሞውን ሁሉ የሚያወድሱ ሰዎች አቀንጭራን ሊያስቡት ይገባል። አቀንጭራ በሐምራዊ አበባዋ የምታምር አረም ናት፤ ማሽላን ግን ከሥሩ ትጠባዋለች። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ትበትናለች። ያም ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይተኛል። ከምድር ብቅ ስትል ነቅሎ መጣል ፋይዳው ጥቂት ነው፤ ያኔ ማሽላው ተጎድቷልና። ከሱዳን እስከ ኬንያ፣ ከትግራይ እስከ ሐረርጌ ገበሬ በእጁ ሲነቅላት ኖሯል፤ አላሸነፋትም። መሬቱን ጥሎ የሄደም አለ።

ያሸነፋት ዘዴ የመጣው ገበሬ ከማያየው ቦታ ነው። የአቀንጭራ ዘር በዝናብ ብቻ አይበቅልም። የማሽላ ሥር ወደ አፈር የሚያመነጨውን ኬሚካል «አሽትቶ» አስተናጋጁ መቅረቡን ሲያውቅ ብቻ ይነቃል። እንግዲህ ያንን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጭ፣ ወይም ሌላ ዓይነት የሚያመነጭ ማሽላ ቢገኝ አረሟ እንደተኛች ትቀራለች። ይህን መንገድ ተከትለው በ1990ዎቹ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ያደረሱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንት ቶን ያህል ዘር ለአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ተሠራጨ። ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ለተቋቋሚነቱ ዋና ምክንያት የሆነውን ዘረመል በስሙ ለይቶ ለማወቅ ደግሞ እስከ 2017 ድረስ ጊዜ ወሰደ።

በእኚህ ሰው ሕይወት ውስጥ የጥያቄው ሁለት ወገኖች ተገናኝተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ፣ አንድ ክፍል ባላት የሣር ጎጆ ነው ያደጉት። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር በየሳምንቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ዓለማያን እንደጨረሱ ከፐርዱ የመጡት ፕሮፌሰር ጆን አክስቴል በአገሪቱ እየዞሩ የማሽላ ናሙና ሲሰበስቡ አብረዋቸው ሠሩ። አክስቴል ዘሩንም ተማሪውንም ወሰዱ። ከዘሩ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ ከተማሪው ደግሞ ወደ ማሳ የተመለሰ ማሽላ ተገኘ። ዘር ወጥቶ ሲሄድ የሚያስከፋው መውጣቱ ሳይሆን አለመመለሱ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

«ዘራችን ተወሰደ» የሚለውን ቁጭት በረጋ መንፈስ መመርመር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ያለ በርበሬ የኢትዮጵያ ወጥ ምን ይመስል ነበር? በርበሬ ግን የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ ወደዚህኛው ዓለም የደረሰው ከ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው። የናይሮቢው ኡጋሊ፣ የወለጋና የጎጃም ገበሬ በቆሎ መሠረታቸው የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ከአንድ የዱር ሣር መርጠው ያወጡት ተክል ነው። ድንች ከአንዲስ ተራሮች ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ዘመን አንድ ጀርመናዊ ወደ ኢትዮጵያ አስገባው። ለእነዚህ ሁሉ ከዚህ ወገን የተከፈለ አንዲት ሳንቲም የለችም፤ የጠየቀም የለም። በምግብ ረገድ ሁሉም ሕዝብ የሁሉም ባለዕዳ ነው። እያንዳንዱ አገር በየድንበሩ ቆሞ የዘር ቀረጥ ቢጠይቅ መጀመሪያ የሚራበው ድሃው ነው።

ታዲያ በደሉ ምኑ ላይ ነው? በመውሰድና በማጠር መካከል ያለው ልዩነት ላይ ነው። ሜክሲኮ በቆሎን ስትሰጥ በቆሎ አላጣችም። የጤፉ ጉዳይ ግን ሌላ መልክ ነበረው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ጋር የጤፍን ዘር ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመጋራት ተስማማ። በወረቀት ላይ ሲታይ የዘመኑ አርአያ የሚባል ውል ነበር። ይሁንና ይኸው ወገን አስቀድሞ በ2003 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትና ከዱቄቱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ኖሮ በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሠረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጠለ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ገንዘብ ከጥቂት ሺህ ዩሮ አልበለጠም። ለዘመናት ጤፍ ስትፈጭና ስታቦካ የኖረች አገር ሕዝብ የሚያውቀው ዱቄት እንደ አዲስ ፈጠራ ተቆጠረ ማለት ነው። በመጨረሻ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የሆላንዱን ፓተንት ዋጋ የለውም ብሎ ሻረው። ደስታው ተገቢ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። የተሟገቱት ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ናቸው። ኢትዮጵያ በዚያ ችሎት ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ፍርዱ የተገኘው አንዱ ነጋዴ ሌላውን ነጋዴ አልከፍልም ስላለው ነው።

ሕግ ሙከራ አላደረገም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የምግብና የግብርና ዕፅዋት ስምምነት የገበሬዎችን መብት በስም ጠርቶ አስፍሯል። የኢትዮጵያው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በ2023 እስካረፉ ድረስ በዚህና በመሰል መድረኮች የአፍሪካን ቃል ካሰሙት ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ስምምነቱ ግን መብቱን የማስከበሩን ነገር ለየመንግሥታቱ ትቶታል፤ መንግሥታት ደግሞ ገበሬውን የሚያስታውሱት በምርት ዘመቻ ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ስለ ገንዘብና ስለ ፓተንት ሲወራ የሚረሳውም እሱ ነው። ሳይንስ ለነገ የሚያስፈልገው የዘር ብዝኃነት በማሳ ላይ ካልኖረ ይጠፋል። ብዝኃነቱ ያለው ደግሞ በድሃ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ለዓለም ሲባል ይህ ሰው አነስተኛ ምርት የሚሰጠውን የአያቱን ዘር እየዘራ ይኑር ማለት ተገቢ ነውን?

በዚህ ላይ የሌኒንግራድ ሳይንቲስቶች ታሪክ ይጠቀሳል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ስንዴና ገብስ ሰብስቦ ነበር፤ አገሪቱንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ ብሏታል። የመሠረተው የዘር ክምችት በ1941 በጀመረው የጀርመን ከበባ ጊዜ በሌኒንግራድ ከተማ ውስጥ ነበር። ጠባቂዎቹ ተመራማሪዎች በሩዝ፣ በስንዴና በኦቾሎኒ ተከብበው ሳለ ዘሩን አንበላም ብለው በረሃብ ሞቱ። ራሱ ቫቪሎቭም በ1943 በስታሊን እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁሎ አለፈ። ታላቅ ታሪክ ነው። ሆኖም እነዚያ ሰዎች የወሰኑት ስለ ገዛ ነፍሳቸው ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የወሎ እናት ከምድጃዋ በላይ የተሰቀለውን ዛላ አውርዳ ስትፈጭ ከፊቷ የተቀመጠው የልጇ ነፍስ ነው። አልፈጭም ብትል ኖሮ ጀግና አይላትም ማንም። በዚያ ዘመን ስንት ዓይነት ዘር በዚህ መንገድ ወደ ወፍጮ እንደገባ የቆጠረው የለም፤ የሚወቅሳትም ሊኖር አይገባም።

እንዲሁ ደግሞ አዲሱን ዘር የመረጠውን ገበሬ መውቀስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የታየው ዩጂ 99 የተባለ የስንዴ ግንድ ዋግ የዓለምን ስንዴ ያሠጋ ጀመር። በኢትዮጵያ ዲጋሉ የተባለው ምርጥ ዘር ይህንን ዋግ ይቋቋም ነበርና የአርሲና የባሌ ገበሬዎች በሰፊው ዘሩት። በልተውበታል፣ ልጅ አስተምረውበታል፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርተውበታል። በ2013 መገባደጃ ግን ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ ዘር መጣ። ዲጋሉ ለዚህኛው መከላከያ አልነበረውም። በአንዳንድ ማሳ የተረፈ ነገር አልነበረም። ሁሉም ማሳ አንድ ሲሆን ጠላትም አንድ ቁልፍ ብቻ ይበቃዋል። ሳይንቲስቱም፣ ገበሬውም በየበኩላቸው ትክክለኛውን መርጠው ነበር፤ የተሳሳተው የሁለቱ ምርጫ አንድ ላይ ሲደመር ነው።

በእርግጥ የዘር ባንክ አለ። የኢትዮጵያው እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሟል፤ በአፍሪካም ቀደምት ከሚባሉት ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ግን የተሰበሰበበትን ቀን እንደያዘ ይቆያል። ማሳ ላይ ያለው ከዋጉ ጋር፣ ከድርቁ ጋር፣ ከገበሬው ምርጫ ጋር በየዓመቱ ይለወጣል። ይህን አስቀድመው የተረዱት የባንኩ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ገበሬው ነባር ዘሩን እንዲይዝ ከተፈለገ ነባሩ ዘር ሊያዋጣው ይገባል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ስለዚህ ከየማሳው የተሻለውን ከገበሬዎቹ ጋር እየመረጡ፣ ሳያዳቅሉ ምርቱን ከፍ ማድረግን ተያያዙት። በ1989 ለዚህ ሥራቸው አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት አገኙ። በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬ ከአካባቢው እየጠፋ የነበረው የጥቁር አፈር ስንዴ በገበሬዎች የዘር ባንክ በኩል ወደ ማሳው የተመለሰው በዚሁ መንገድ ነው። ለድሃው «ጠብቅልን» ብሎ መስበክና ቢጠብቅ እንዲጠቀም ማድረግ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ጠገብ የሆነ ሰው ምክር ነው።

ከዚህ የራቀ እርምጃም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 በትግራይ በሐገረ ሰላም፣ በአማራ ክልል ደግሞ በገረገራ፣ ከዘር ባንክ የወጡ ነባር ዘሮች የሚበዙባቸው 400 ያህል የጥቁር አፈር ስንዴ ዓይነቶች ተዘሩ። ስድሳ የአካባቢው ገበሬዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በየመደቡ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ነጥብ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ተመራማሪዎቹ በበኩላቸው ቁመቱን፣ የሚደርስበትን ቀን፣ የፍሬውን ክብደት ለኩ። ከዚያም ሁለቱን መዝገብ ከስንዴው ዘረመል ጋር አስተያዩ። በ2017 በወጣው ውጤት የገበሬዎቹ ነጥብ እንደ ማንኛውም የሳይንስ መለኪያ ከተወሰኑ የዘረመል ሥፍራዎች ጋር ሲያያዝ ታየ። ከእነዚህ ሥፍራዎች አንዳንዶቹን በሜትርና በሚዛን የተለካው አላገኛቸውም ነበር፤ የገበሬው ዓይን ብቻ ነው ያገኛቸው። ከነባሮቹም መካከል በምርት ከምርጥ ዘሮቹ ጋር የተፎካከሩ፣ አልፎም የበለጡ ነበሩ። ሁለቱ ለሕጋዊው የዝርያ ማጽደቂያ ቀርበው፣ የሚጠየቀውን ፈተና ሁሉ አልፈው፣ አሁን በመዝገብ ላይ የሰፈሩት ምርጥ ዘር ተብለው ነው።